ባል የፈለግንላት ኮከብ

ነገሩ የተጀመረው በመስቀል ሰሞን፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐረር ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ነው። ፈረንሳይ አገር ሒሳብ ተምሬ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የተፈለገው ሒሳቤ ሳይሆን ፈረንሳይኛዬ ሆነና፣ አባቴ በሚሠሩበት ጉምሩክ የነጋዴዎችን ወረቀት እንድተረጉም ተቀጠርኩ። ሥራውን አልጠላሁትም። ከሰው ጋር መነጋገር ስለሚያስፈራኝ ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ይዤ፣ ቀና ሳልል እውል ነበር።

የዚያን ቀን ግን አለቃዬ አቶ ተሰማ ከግቢው ሆነው ስሜን ጠሩ። ስወጣ ዘበኞቹ አንድ ረጅም ሣጥን ከበው ቆመዋል። ክዳኑ ተነሥቷል፤ ውስጡ ገለባ ላይ የናስ ቱቦ ተጋድሟል። አጠገቡ ሸዋ በር አካባቢ ሰዓት የሚጠግኑት አርመናዊ፣ ሙሴ አርሻክ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ላብ አጥምቋቸዋል።

«ይሄ መድፍ ነው» አሉ አቶ ተሰማ።

«መድፍ ከሆነ ጥይቱ የታለ?» አሉ ሙሴ አርሻክ።

«ጥይቱማ ቀድሞ ገብቶ ይሆናል» አለ አንዱ ዘበኛ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«አስካለ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ኮከብ ማያ ነው ይላል።»

«ጮክ በይ እንጂ! ለራስሽ ነው የምታወሪው?»

«ኮከብ ማያ ነው!»

«ኮከብ ለማየት ይሄን ያህል ናስ? እኛ በባዶ ዓይናችን እያየነው አይደለም እንዴ?»

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ማብራራት ጀመርኩ። ሁሉም ኮከብ ሁልጊዜ እኩል እንደማይበራ፣ አንዳንዱ እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ፣ ቱቦው ያንን ለመለካት የመጣ መሆኑን ተናገርኩ። ሙሴ አርሻክ ወደኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ሌሊት እንቅልፍሽ ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» ብለው ጠየቁኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ሙሴ አርሻክ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ ለጋብቻ የመጡ መስሏት አዲሱን ቀሚስ አስለብሳኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ «ልጃችሁን ለኮከብ ቆጠራ ስጡን» ሲሉ የእናቴን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። አባቴ ግን ነገሩን በጥሞና ሰሙ። ደመወዙ ከጉምሩኩ ያንሳል፤ «ቢሆንም የሚጮኽባት የለም» አሉና ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፦ ባሏ የሞተባት አክስቴ፣ እትዬ በላይነሽ፣ አብራኝ ታድራለች።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ያ ሣጥን ባለፈው ሳምንት በዚያው ጉምሩክ በኩል ተመልሶ ስለ ወጣ ነው። ሙሴ አርሻክ ለደረታቸው ሲሉ ጠቅልለው ወደ ጠረፍ ወርደዋል። እኔም አሁን የልጃገረዶች አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ፣ «እትዬ አስካለ፣ እውነት ሌሊት ሌሊት ጣራ ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። በቃል መመለስ ስለማይሆንልኝ እነሆ በጽሑፍ።

ጣራው ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙ ሳይርቅ፣ የሐጂ ዩሱፍ ቤት ጣራ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ፎቁን ለሙሴ አርሻክ አከራይተው ራሳቸው ከእናታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከታች ይኖራሉ። ጣራው ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነ ቱቦው ሳይንቀጠቀጥ ይቆምበታል። ከደረጃው ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ ሙሴ አርሻክ በእጃቸው የጠገኑት ፔንዱለም ያለው ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ሰዓቱ እንደ አገሩ ልማድ ማታ አሥራ ሁለት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ይላል፤ በየሰዓቱም ይደውላል። ሙሴ አርሻክ ሲሰቅሉት ለሐጂ ዩሱፍ፣ «ይህን ሰው እንዳይነካብኝ፤ አደራ» አሏቸው። ሐጂ ዩሱፍም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አማና ነው፤ ማንም አይነካውም» አሉ።

ከብዙ ኮከቦች መካከል ሙሴ አርሻክ የሚወዷት አንዲት ነበረች። ኦሪዮን ከሚባሉት ኮከቦች በስተደቡብ ያለች፣ በባዶ ዓይን የማትታይ፣ ደካማ ነጥብ ናት። ይህች ኮከብ እንደሚተነፍስ ደረት ታብጣለች፣ ትሟሽሻለች፤ ስታደርገውም በፍጥነት ትደምቃለች፣ ቀስ ብላ ትደበዝዛለች። አንድ ትንፋሽ ከግማሽ ቀን ትንሽ ይበልጣል። ሙሴ አርሻክ ከሃያ ዓመት በላይ፣ ሐረር ሳይመጡም በፊት፣ ስትደምቅ ይጠብቋት ነበር። የሚፈልጉት ብርሃኗን ብቻ አልነበረም። ይህች ኮከብ ብቻዋን ናት ወይስ አጠገቧ የማይታይ ጓደኛ አላት? ዓይናቸው ሳይከዳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ይህን አንድ ነገር ነው።

የማይታየው እንዴት ይታወቃል? ሙሴ አርሻክ ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «አንድ ነጋዴ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል እንበል። በየሰዓቱ አንድ መልእክተኛ ወደኛ ይልካል። ነጋዴው እየራቀ ሲሄድ መልእክተኞቹ በየሰዓቱ አይደርሱም፤ እየዘገዩ ይመጣሉ። ሲመለስ ደግሞ እየቀደሙ ይመጣሉ። ነጋዴውን ሳላየው መራቁንና መቅረቡን አወቅሁ ማለት ነው።» ኮከቧም ጓደኛ ካላት ሁለቱ እየተዟዟሩ አንዴ ከኛ ትርቃለች፣ አንዴ ትቀርባለች፤ የምትደምቅበት ሰዓትም ለዓመታት እየዘገየ፣ ከዚያ ለዓመታት እየቀደመ ይሄዳል። ልዩነቱ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ በሁለት ነገር ላይ ቆመ፦ በዓይናችንና በሰዓታችን።

እትዬ በላይነሽ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «በአጭሩ ባል አላት ወይ ነው የምትሉት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ባል ሆነ። ሐጂ ዩሱፍ ሳይቀሩ ጠዋት ሲያገኙኝ፣ «እህ፣ ባሏ ተገኘ?» ይሉኛል። እትዬ በላይነሽ ደግሞ፣ «ለሷ ስትፈልጊ ያንቺው እንዳያመልጥሽ» ትላለች። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ደረጃውን እወጣ ነበር።

ሙሴ አርሻክ ሥራውን ያስተማሩኝ በቃል ብዛት አይደለም። ሲሠሩ ማየት ይበቃ ነበር። መስተዋቱን የሚያብሱበት ያረጀ የሐር ጨርቅ ነበራቸው፤ ለሌላ ነገር አይነካም። ጣራው ላይ እንደወጣን ጋቢ ተከናንበን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ ኮከቧን ከማይለዋወጡ ጎረቤቶቿ ጋር እናስተያያለን፦ ከዚህኛው ትደምቃለች፣ ከዚያኛው ታንሳለች፣ በምን ያህል? ደካማ ኮከብ አፍጥጠው ሲያዩት ይጠፋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ይህ ለኔ ከባድ አልነበረም። ሰውንም የማየው እንደዚያ ነው። የትናንቱን ግምት ሳያዩ የዛሬውን መጻፍ ሌላው ሕጋቸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ «ዛሬ እንደምትደምቅ ጠብቄ ነበር፣ እንዳሰብኩትም ሆነ» ብላቸው እርሳሱን ከእጄ ወሰዱ። «ጠብቀሻት ከነበረ ያየሽው እሷን አይደለም፤ ራስሽን ነው። በይ ወርደሽ ተኚ።» ሰደቡኝ ማለት አይደለም፤ በማግስቱ እርሳሱን ቀርጸው መለሱልኝ።

ኮከቧ በኛ ሰማይ ላይ ሥራ በሚመች ሰዓት የምትቆመው በታኅሣሥና በጥር ነው። ሰማዩም ያን ጊዜ ነው ጥርት የሚለው። ሙሴ አርሻክ ግን የሐረር ቅዝቃዜ ለደረታቸው ስለማይስማማ፣ በነዚያው ወራት ድሬዳዋ ወዳለው ሱቃቸው ይወርዳሉ፤ ደህናውን የኪስ ሰዓታቸውንም ለሥራቸው ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ የዚያች ኮከብ ሥራ የኔ ሆነ። ጣራው ላይ እኔ፣ ከታች ያ ትልቅ ሰዓት። በየካቲት መጨረሻ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሰዓቱን ከኪስ ሰዓታቸው ጋር ማስተያየት ነው። በየዓመቱ ልክ ሆኖ ያገኙታል። «ይህ ሰዓት ጨዋ ነው» ይላሉ፣ ክፈፉን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አድርገው።

በመጀመሪያው ዓመት ኮከቧ ከሒሳባችን በጥቂት ደቂቃ ቀደመች። በሁለተኛው ዘገየች። በሦስተኛው ይበልጥ ዘገየች፤ በአራተኛው ከዚያም ይበልጥ። ነጥቦቹን በወረቀት ላይ ሳስቀምጣቸው እንደ ጎበጠ ቀስት ወጡ። ሙሴ አርሻክ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዓይናቸው ያኔ ደክሞ ነበር፤ በአፍንጫቸው ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። «አስካለ፣ ይቺ እየተዟዟረች ነው» አሉ። በየወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ሌሊቶች ብቻ ከቀስቱ ይወጡ ነበር። የድካሜ ውጤት መስለውኝ ተውኳቸው።

አምስተኛው ወቅት ሲመጣ ሙሴ አርሻክ ድሬዳዋ ሆነው ጽሑፉን አዘጋጁ። ባሕር ማዶ ላለው የኮከብ ማኅበር የሚላክ ነው፤ ከስማቸው ሥር የኔን ስም አስገብተዋል። የዘንድሮውን የመጀመሪያ ሌሊቶች ጨምረው በማክሰኞ ጠዋት ባቡር ወደ ጅቡቲ እንደሚልኩት ነገሩኝ።

ሰኞ ማታ ነው። ረመዷን ነበር። በጾሙ ወር የሐጂ ዩሱፍ ቤተሰብ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው ወደዚያ ቤት የምገባው፤ በሰው መሐል ማለፍ ስለሚያሳፍረኝ ሁሌም እንዲያ አደርግ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጋቢዬን ጣራው ላይ ረስቼው ነበርና ሳይመሽ ልውሰደው ብዬ ፀሐይ ሳትገባ ደረስኩ። ከደረጃው ሥር ሐጂ ዩሱፍ በርጩማ ላይ ቆመዋል። የሰዓቱ መስተዋት ተከፍቷል።

«ሐጂ... ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዴ አስካለ፣ ዛሬስ ቀድመሽ መጣሽ። ትንሽ ታገሺኝ፣ አዛን ሊል ነው።»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሐጂ ዩሱፍ «ቢስሚላህ» ብለው የደቂቃውን ዘንግ በጣታቸው ወደፊት ገፉት። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለ። የመጨረሻው ደወል ሲያበቃ ከግድግዳው ወዲያ ያረጀ የሴት ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

«እናቴ ናት» አሉ ሐጂ ዩሱፍ ከበርጩማው እየወረዱ። «ጆሮዋ ከጠፋ ቆይቷል፣ አዛን አትሰማም። እጇን ግድግዳው ላይ ታደርግና የሰዓቱን ምት በመዳፏ ትቆጥረዋለች።»

«አንድ ሰው ቢነግራቸውስ?»

«ሰውማ አታምንም። አንድ ዓመት ታማ ሳለች እህቴ አዘነችላትና፣ ‘አዛን ብሏል’ ብላ ፀሐይ ሳትገባ አስፈጠረቻት። ኋላ ስታውቅ ያለቀሰችው ልቅሶ! ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል አልቀበልም አለች። ሰው ያዝናል፣ ሰዓት አያዝንም ትላለች። ታዲያ ያንን ካለች እኔ ሰዓቱን ከፀሐይዋ ጋር ማስማማት የለብኝም?»

«ዘንድሮ ብቻ ነው?»

«ኧረ ከመጣችሁ ጀምሮ ነው። በረመዷን በየቀኑ። ግን አማና አይደል? ወሩ ሲገባ የኪስ ሰዓቴን ከእናንተው አመሳክራለሁ፤ ለኢድ በሱው አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። ወላሂ አንድ ደቂቃ አጉድዬ አላውቅም!»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት አትገባም፤ በታኅሣሥ ትቀድማለች፣ ወደ ጥር መጨረሻ ትዘገያለች። ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ከጥር አጋማሽ ተነሥቶ በአምስት ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ ደርሷል። ሐጂ ዩሱፍ በመጀመሪያው ዓመት ሰዓቱን ትንሽ ወደ ኋላ መልሰውታል፤ ከዚያ በየዓመቱ ወደፊት የሚገፉት እየበዛ ሄዷል። ኮከቧ አልዘገየችም። የዘገየችብን ሰዓታችን ስለ ቀደመ ነው። ቀስቱ የረመዷን ቀስት ነው። ከቀስቱ የወጡት ጥቂት ሌሊቶች ከጾሙ በፊትና ከኢድ በኋላ ያሉት ነበሩ፤ ልክ የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ባቡሩ ጠዋት ይነሣል። ሙሴ አርሻክ ያልሆነውን ነገር ሆኗል ብለው ስማቸውን ሊያኖሩበት ነው። እትዬ በላይነሽን ይዤ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ። ስልከኛው ሊዘጋ ቁልፉን አውጥቷል፤ ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ወንዶች ግን ገና አግዳሚው ላይ ነበሩ። እነሱን ሳይ ልመለስ ምንም አልቀረኝ፤ እትዬ በላይነሽ ከኋላ ገፋችኝ።

ሙሴ አርሻክ እስኪጠሩ ጠበቅን። መስመሩ እንደ ዝናብ ይንሿሿል።

«ሙሴ አርሻክ፣ አስካለ ነኝ። ወረቀቱን አይላኩት።»

«ማን? አይሰማም!»

«ጮክ በይ እንጂ እህቴ» አለ ስልከኛው።

«ወረቀቱን አይላኩት! ሰዓቱ ተነክቷል!»

«ማን ነካው?»

«ሐጂ ዩሱፍ! በረመዷን በየማታው ከፀሐይ ጋር ያስማሙታል!»

«ታዲያ... ባሏስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ባል የላትም!» ብዬ ጮኽኩ። «ባል የለም፣ ሙሴ አርሻክ! ሰዓቱ ነው!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ዞረው አዩኝ። ከዚያ አንዱ፣ «ምስኪን፤ የማን ልጅ ትሆን?» አለ። ሌላው፣ «ባል ከሌላት መቼስ እኔ አለሁላት በሏት» ሲል እትዬ በላይነሽ ዞር ብላ፣ «የምናወራው ስለ ኮከብ ነው፣ አንተ ቀና ብለህ ታውቃለህ?» አለችው። ሙሴ አርሻክ፣ «እመጣለሁ» አሉና ዘጉት።

በሦስተኛው ቀን ከነሳላቸው መጡ። የመጣሁት አዝኜ ነው አላሉም፤ ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ሐጂ ዩሱፍ ነገሩን ሰምተው ገቡና በሩ ላይ ቆሙ። «አማናችሁን በላሁ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሙሴ አርሻክ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ሐጂ፣ ዘንጉን የሚገፉት በትክክል አዛን ሲል ነው?»

«ሲል እንጂ! ሳይልማ እናቴን በሐሰት ላስፈጥር?»

«አንድም ቀን ሳያስተጓጉሉ?»

«አንድም ቀን።»

ሙሴ አርሻክ ያን ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ። ፀሐይ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደምትገባ በሒሳብ ይታወቃል። ሐጂ ዩሱፍ በየቀኑ ከሷ ጋር ካስማሙት፣ በየሌሊቱ ሰዓቱ ስንት ደቂቃ እንደተሳሳተ ማወቅ እንችላለን ማለት ነው። ደንታ ቢስ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የዓመታት ሥራችን አይመለስም ነበር። በቀሩት የጾም ቀናት በየማታው ከሐጂ ዩሱፍ አጠገብ ቆመን፣ ዘንጉን ሲገፉ በኪስ ሰዓቱ መዘገብን፤ ከሒሳቡ የሚያፈነግጡት እጅግ በጥቂቱ ነበር። ቀን ቀን ሁለታችን ነደባው ላይ፣ ቤተሰቡ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ማለት ነው፣ ወረቀት ዘርግተን እያንዳንዱን ሌሊት እንደገና አስላን። ሐጂ ዩሱፍ እየጾሙ ለኛ የሎሚ ውሃ ያስመጡልን ነበር።

የመጨረሻው ሌሊት የተሰላው በኢድ ዋዜማ ነው። ነጥቦቹን አዲስ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ከግራ እስከ ቀኝ ቀጥ ብለው ተሰለፉ፤ የተውኳቸው ሌሊቶችም ሳይቀሩ ከሰልፉ ገቡ። ሙሴ አርሻክ ማየት ስለከበዳቸው ጣታቸውን ይዤ በመስመሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት።

«አልጎበጠም» አሉ።

«አልጎበጠም።»

«እንግዲያው እኛ በጠበቅናት ዘመን ውስጥ ማንም አልጎተታትም።» ሳይታሰብ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ውሃ ሰጠኋቸው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ምናልባት፣ ምናልባት ስል ኖርኩ። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አለመኖሩን አረጋግጦ መተኛት ምንኛ ደስ ይላል! በይ እንዲያው ጻፊው፣ ጓደኛ አላየንም በዪ። የሰዓቱንም ታሪክ ሳትደብቂ ጨምሪ። ስምሽ ከስሜ በፊት ይሁን።»

ስለ ስሜ ተከራከርኩ፤ አልሰሙኝም። ሲነሡ በደረጃው ሥር ቆመው ሰዓቱን መታ መታ አደረጉት። «ይህን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከሰው ቃል ይልቅ እሱን ለሚያምኑት ስጪልኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኢድ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ ከሰላት ሲመለሱ፣ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ልማዳቸው የኪስ ሰዓታቸውን ይዘው ዘንጉን ወደ ቦታው ሊመልሱ ወደ ደረጃው መጡ። ግድግዳው ባዶ ነው። እኔ ቀድሜ አውርጄው፣ በደረቴ ታቅፌው፣ ወደ እናታቸው ክፍል ገብቼ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር አዩኝ። «በየትኛው ሰዓት ልሙላው?» አልኳቸው። «በፀሐይዋ» አሉ።

እናታቸው አይ መርየም፣ «አይ» በሐረሪኛ እናት ማለት ነው፣ ትራሳቸው ላይ ተደግፈው ተመለከቱኝ። ከሳቸው ጋር ጮክ ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ያልፈራሁት። ሰዓቱን አልጋቸው አጠገብ ሰቅዬ፣ ፔንዱለሙን በጣቴ ነካ አድርጌ ለቀቅኩት። አይ መርየም መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ የኔን እጅ ያዙና ከሳቸው እጅ አጠገብ አደረጉት፤ ሦስት ሰዓት እስኪደውል ሁለታችን እንደዚያ ሆነን ጠበቅን።